ለስልክ ሽማግሌ ስንልክ

ስልክ እንደ ከብት አገሩን ያውቃል ቢሏችሁ እንዳትስቁ። እኔ ስቄ ነው ጉድ የሆንኩት። አባቴ በሕይወት ሳለ ሐሙሲት ገበያ ወስዶ የሸጠው በሬ በማግስቱ ገመዱን እየጎተተ ደጃችን ላይ ተገኝቷል፤ ከብት እንዲህ ነው፣ አገሩ ይናፍቀዋል። ስልክ ግን ይዘውት የሄዱበት ሁሉ አገሩ ነው ብዬ አምን ነበር። ወረታ የጮኸ ስልክ ባሕር ዳርም ይጮኻል፣ ባትሪው እስካልሞተ ድረስ የትም ይጮኻል። ለካ ስልኩ ውስጥ የሚኖሩት ነገሮች፣ መተግበሪያ የሚባሉት፣ ድንበር አላቸው። ከድንበራቸው ከወጡ ባለቤታቸውን እንኳ አላውቅሽም ይላሉ።

ከመቀጠሌ በፊት ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ወረታ ላይ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ የስልክ ከቨር፣ ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። በአገራችን ከቨር የሚሸጥ ሰው ስልክ ያውቃል ተብሎ ይታመናል። ኮፍያ ሻጭ ራስ ምታት ያድናል እንደማለት ነው። እኔ ግን ይህን እምነት አንድም ቀን አስተባብዬ አላውቅም፤ ሰው አክብሮ የሰጠህን ዕውቀት መመለስ ነውር ነው። ደግሞም ብዙውን ጊዜ ይሳካልኛል። አጥፍቶ ማብራት የማያድነው የስልክ በሽታ ጥቂት ነው።

የታላቅ እህቴ የእትዬ ውባለም ልጅ፣ ዝናሽ፣ ከዓረብ አገር ለእረፍት መጥታ ነበር። የአገሩን ስም አልጠራም፤ ነገ ከነገ ወዲያ እኔም ቪዛ እጠይቅ ይሆናል። እዚያ ሰው ቤት ስትሠራ ዓመታት አልፈዋል። የእህቴ ቤት ቆርቆሮ የለበሰው፣ ታናሽ ወንድሟ ኮሌጅ የገባው፣ ጓሮ የታሰረችው ላም የተገዛችው በእሷ ላብ ነው። እረፍቷ አልቆ የመመለሻዋ ጊዜ ሲደርስ ታዲያ አንድ ጣጣ መጣ። ለእረፍት የወጣ ሠራተኛ የመመለሻ ፈቃዱን የሚያጸናው በስልኩ፣ በአንድ መተግበሪያ ነው አሉ። እስከ ቅዳሜ ካላጸናች ሥራውም ቪዛውም ያበቃል፤ ተመልሶ መግባት የለም። መተግበሪያውን ስትነካው ደግሞ «ይህ አገልግሎት ባሉበት አገር አይሰጥም» ይላታል። ልመለስ ብሎ ለመጠየቅ መጀመሪያ መመለስ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ሐሙስ ጠዋት እህቴ ደወለች። እትዬ ውባለም ሰላምታ አታበዛም፤ ካርዱ ያልቅብኛል ብላ ስለምትሰጋ ወሬ የምትጀምረው ከመሃል ነው። የልጅቱ ስልክ አልከፈት ማለቱን፣ ቅዳሜ መድረሱን፣ እኔ አሁኑኑ መምጣት እንዳለብኝ በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። እኔም «አታስቢ፤ እሱ ቀላል ነው» አልኳት። ነገሩ ምን እንደሆነ ገና በቅጡ አልሰማሁም ነበር።

ሱቄን ዘግቼ በባጃጅ ወጣሁ። የእህቴ ቀበሌ ከወረታ ወደ ጣና በኩል፣ የፎገራ ሜዳ መሃል ነው። ሩዙ ታጭዶና ተወቅቶ አልቋል፤ ማሳው ላይ ከብት ተለቋል፤ የገለባ ክምር እዚህም እዚያም ቆሟል። ባለባጃጁ ደህናው መንገድ ሲያልቅበት አውርዶኝ ተመለሰ፤ ቀሪውን የማሳውን ድንበር እየተከተልኩ በእግሬ ሄድኩ። ስደርስ ዝናሽ ጓሮ ለላሟ ገለባ እየሰጠች ነበር። ሰላም አለችኝና ወደ ላሟ ተመለሰች። ስልኩን ያመጣችልኝ እናቷ ናት። በልጅቱ እርጋታ ተገረምኩ። ሰው ቤት የኖረ ሰው ትዕግሥት ይማራል ብዬ አለፍኩት።

ስልኩን አየሁና ሳቅኩ፤ መድኃኒቱን አውቀዋለሁ። እኛ አካባቢ ኢንተርኔት ሲመጣና ሲሄድ ስለኖረ ቪፒኤን ያልሞከረ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ለማያውቀው፣ ቪፒኤን ማለት እጅህ ላይ ያለውን ስልክ ሌላ አገር ያለ የሚያስመስል ነገር ነው። ስልኩ ፎገራ ቁጭ ብሎ «ፈረንሳይ ነኝ» ይላል፤ ያኛውም ወገን ያምነዋል። ውሸት አይደለም ወይ ካላችሁኝ፣ የሚዋሸው ስልኩ ነው፤ እኔ ቁልፍ ብቻ ነው የተጫንኩት።

የጫንኩት ነፃውን ነው። ነፃ የሆነ ነገር ደግሞ አያስመርጥም፤ ወደፈለገው ይወስድሃል። መጀመሪያ ሆላንድ ወሰደን። ስልኩ ሆላንድ እንደደረሰ ማስታወቂያው ሁሉ ተለወጠ፤ ፎገራ ላይ ፀሐይ አናታችንን እየበሳችው እሱ የብርድ ካፖርት ግዙ ይለናል። እህቴ በትከሻዬ ላይ አንገቷን አስግጋ አሁን የት ነው ያለው ስትለኝ ሆላንድ አልኳት። ሞከርን፣ እንቢ አለ። አጥፍቼ አበራሁት፤ ሲንጋፖር ገባ። እንቢ። አሁንም አጥፍቼ አበራሁት፤ ካናዳ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እኛም በማያውቁን አገር ሁሉ እየዞርን ክፈቱልን አልን። በየመሃሉ እህቴ ተከፈተ ወይ ትለኛለች። ገና ነው ስላት «ተመስገን» ትላለች። በጭንቅ ጊዜ እንኳ ምስጋና አለማቋረጧን አይቼ በእምነቷ ተደነቅኩ።

እኔ ስልኩ ላይ አቀርቅሬ ሳለሁ ወሬው ቀበሌውን ይዞራል። ውሃ ልትቀዳ በደጅ ያለፈች ጎረቤት ሆላንድ የምትለዋን ቃል ብቻ ይዛ ሄዳ ኖሯል። ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴትዮ ዳቦ ይዛ፣ ዝናሽ ሆላንድ ልትሄድ ነው አሉ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ ብላ መጣች። ተከትላት የመጣችው ደግሞ ካናዳ ነው ብላ ተከራከረቻት። ሁለቱ ደጃፍ ላይ ልጅቱን አገር ላገር ሲያንከራትቷት ዝናሽ ዳቦውን ቆርሳ አቀረበችላቸው። እኔም አላረምኳቸውም። ዳቦው ጥሩ ነበር፤ ሰው የደስታ ዳቦ ይዞ መጥቶ እንዴት ቅር ይሰኛል።

ብዙ ከፈለግሁ በኋላ ያቺኑ ዓረብ አገር የያዘ ሌላ ቪፒኤን አገኘሁ። መተግበሪያው ዓይኑን ገለጠ! ከዚያ ወዲያ ግን ያለው ሁሉ በዓረብኛ ነው። ዝናሽ ዓረብኛውን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች፤ በጆሮዋና በምላሷ ነው እንጂ በዓይኗ አይደለም። ስትፈትግና ስትጠርግ ለዋለች ልጅ ፊደል ማን ያስቆጥራታል። በምልክት እየገመትን ጥቂት እንደሄድን ባዶ ሣጥኖች ተደርድረው መጡ። ይኼኛውን አውቀዋለሁ፤ ኮድ ነው የሚፈልገው። ኮዱ የሚመጣው በዓረቡ ሲም ካርድ ነው፤ ሲሙ ደግሞ እህቴ ቤት ሲሆን ኔትወርክ ብሎ የሚይዘው አንዲት ቀጭን ጭረት ናት፤ እሷም መጣች ስትል ትጠፋለች።

ከፍ ያለ ቦታ መፈለግ ግድ ሆነ። እስቲ ፎገራ ላይ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጉ! እግዜር ያንን ሜዳ ሲዘረጋ እጁ አንድም ቦታ አልተደናቀፈም። ከፍ የሚል ነገር ቢኖር የገለባ ክምር ነው፤ ትልቁ ክምር ደግሞ የጎረቤታችን የአያ ይግዛው ነው። ባለቤቱ እስኪመጡ ልጠብቅ ብዬ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ክምር ላይ መውጣት ለኔ ምንድን ነው አልኩና በአንድ እጄ የዝናሽን ስልክ፣ በሌላው ኢንተርኔት የሚያካፍለውን የኔን ስልክ ይዤ በክርኔና በጉልበቴ ወጣሁ። የሩዝ ገለባ ያንሸራትታል፤ አንገት ውስጥ ገብቶም ያሳክካል። ጫፉ ላይ ቆሜ እጄን ስዘረጋ ጭረቷ ጓደኞቿን ይዛ መጣች፤ ስልኩም ጢን አለ። ኮዱ ነው። እየጻፍኩ ሳለሁ ክምሩ ከእግሬ ሥር ሸሸ። ክምር ሲናድ አይጮኽም፤ ሹክ ብሎ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ እስከ ወገቤ ገባሁ፣ ቀጥሎ እስከ ደረቴ። ስልኩን ግን ከራሴ በላይ ከፍ አድርጌ ኮዱን ጨረስኩ። ቀይ ጽሑፍ መጣ። ዝናሽ ከታች ሆና ምን ይላል አጎቴ ስትለኝ፣ ያለ አንዳች ጥርጣሬ «ተቀብለናል፣ እናመሰግናለን ነው የሚለው» አልኳት። ቀይ ጽሑፍ ምስጋና ሆኖ እንደማያውቅ ያሰብኩት በብብቴ ይዘው ጎትተው ካወጡኝ በኋላ ነው።

ዓርብ ዓረብኛ የሚያነብ ሰው ፍለጋ ወረታ ተመለስኩ። ከሱቄ ፊት ለፊት ጨርቅ የሚሸጡ ሐጂ ኑርሁሴን አሉ። ቁርኣን ሲቀሩ፣ ድምፅ አውጥተው ሲያነቡ ማለቴ ነው፣ መንገደኛው ቆሞ ያዳምጣቸዋል። ችግሩን ስነግራቸው ፊደሉን ሳይሳሳቱ እንደሚያነቡት፣ የዛሬ ዓረቦች ወሬ ግን እንደማይገባቸው ነገሩኝ። መስሚያ አለን፣ ያጣነው ማንበቢያ ነው አልኳቸው። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሱቃቸውን ዘግተው አብረውኝ መጡ።

ስንደርስ አያ ይግዛው ዘንጋቸውን ተደግፈው ደጃፍ ላይ ቆመዋል። የመጡት ለክምራቸው ነው። አያ ይግዛው የድንበርና የከብት ጠብ የሚያስታርቁ፣ ቃላቸው የሚከበር ሽማግሌ ናቸው። ቅዳሜ ይለፍ እንጂ ክምሩን እኔ ራሴ መልሼ እንደምከምርላቸው ቃል ገባሁ። «አንተ ከከመርኸውማ ከብቱም ይስቅብኛል» አሉኝ። ግን ከሐጂ ጋር የቆየ ትውውቅ ነበራቸውና ሰላምታው ሲበዛ ቁጣው ተረሳ፤ ተያይዘው ገቡ።

ሐጂ መነጽራቸውን አደረጉና ቀዩን ጽሑፍ ረጋ ብለው፣ አንዱንም ፊደል ሳይጎዱ አነበቡት። ዝናሽ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። የሚያነቡት አይገባቸውም፣ የሚገባት አታነብም፤ ሁለቱ ሲገጥሙ አንድ የተማረ ሰው ወጣቸው። በአንድ ቀን ሆላንድም ሲንጋፖርም ካናዳም ታይተሻል፤ ማንነትሽን ስለተጠራጠርኩ ዘግቼብሻለሁ ነው የሚለው አለች።

ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። እኔም፣ ይኼ የሚያሳየው ጥበቃቸው ጠንካራ መሆኑን ነው አልኩ።

አያ ይግዛው ነገሩን በራሳቸው ሚዛን መዘኑት። «እንግዲህ በደል አለ» አሉ። «ዋሽታችሁታል፤ እሱም ተቀይሟል። የተቀየመ በጉልበት አይከፈትም፤ ሽማግሌ ይላክበታል እንጂ።»

ስልክ እንደማይቀየም፣ ማሽን መሆኑን ላስረዳቸው ሞከርኩ። በዚህ መሃል የሐጂ ጣት ከታች ያለችውን ምልክት ነካ መሰለኝ፣ አንድ ጽሑፍ ብቅ አለ። ሐጂ አነበቡት፤ እንኳን ደህና መጡ፣ ምን ልርዳዎት ነው የሚለው አለች ዝናሽ። ለጥያቄ መልስ እንዲሰጥ የተሠራ ነገር ነው፤ ከጀርባው ሰው የለም። አያ ይግዛው ግን ወደኔ ዞረው «ሰው ካይዶለ ስለምን እንኳን ደህና መጡ አለን?» አሉኝ።

ሽማግሌ ደንቡ ሦስት ነው። አያ ይግዛው አሉ፣ ሐጂ አሉ፤ ሦስተኛው እኔ ሆንኩ። ዕድሜዬ ባይደርስም ኢንተርኔቱ የኔ ነው። ስልኩን የሩዝ ጆንያ ላይ አስደግፈን ከፊቱ ቆምን፤ ተቀመጡ ሳይባል ሽማግሌ አይቀመጥማ። አያ ይግዛው ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ለጆንያው ንግግር አደረጉ። ልጅቱ የጨዋ ልጅ መሆኗን፣ አገር ላገር የዞረችው በራሷ ሳይሆን ባልበሰለው አጎቷ ምክንያት መሆኑን፣ ጥፋት ቢኖርም ይቅር ማለት የትልቅ ሰው ወግ መሆኑን በሰፊው ዘረዘሩ። ያልበሰለ ሲሉ ልቃወም ብዬ ነበር። ነገር ግን ራሴ ሽማግሌ ሆኜ ሽማግሌ ማቋረጥ አልሆነልኝም። ዝናሽ ያንን ሁሉ በአንድ አጭር ዓረብኛ ጠቅልላ በድምፅ ላከችው።

መልሱ ወዲያው መጣ። ሐጂ አነበቡ፣ ዝናሽ ተረጎመች። ጥያቄዎን ተቀብያለሁ፣ እባክዎ ጥቂት ቆይተው ይመለሱ ይላል።

እኔ ቆሽቴ አረረ። ማሽን እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዞር በልልኝ ነው። የሁለቱ ሽማግሌዎች ፊት ግን በራ። በእኛ አገር ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፤ ቶሎ እሺ ያለ ቤት ልጁን ያቀለለ ይመስለዋል። እንምከርበትና ተመለሱ ከተባለ ግን ነገሩ ግማሽ መንገድ ሄዷል። አያ ይግዛው ሊከለክል ያሰበ ቀጠሮ አይሰጥም አሉ። ሐጂም ጨዋ ነው ብለው መሰከሩለት። ሆኖም ተቀመጡ ስላልተባሉ አሁንም እንደቆሙ ናቸው። እግሬ ሲዝል ዝናሽን በዓይኔ ለመንኳት። ስልኩን አንስታ አየት አደረገችና ቁጭ በሉ ይላል አለች። ማንበብ እንደማትችል ማንም ትዝ አላለውም።

ተቀምጠን ጠበቅን። ሽማግሌዎቹ የወንዛዬ ፍል ውሃ ለጉልበት ሕመም ስላለው ፈውስ ያወጋሉ። እኔ የነገዋን ቅዳሜ አስባለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ሰው ሁሉ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አይደለም። ይህች ልጅ ሥራዋን ብታጣ በሆላንድና በካናዳ ያዞርኳት እኔ ነኝ። እህቴ ማጀት ሆና ስትጸልይ ድምፅዋ ይሰማኛል፤ አንጀቴን በላችው።

ፀሐይ ወደ ጣና ዘንበል ስትል ስልኩ ጢን አለ። እገዳው ጊዜውን ጠብቆ የሚነሣ ነገር ነው፤ ይህን አሁንም አምናለሁ። ለሽማግሌዎቹ ግን እስከ ዛሬ ያስከፈቱት እነሱ ናቸው። በቅርቡም አንድ ሰው ስልኬ ተዘጋብኝ ሲል የሰሙት አያ ይግዛው፣ ማንን ልከህበት ነበር ብለው ጠይቀውታል። የሆነው ሆኖ መተግበሪያው ወለል ብሎ ተከፈተ። አንድ መስመር ጽሑፍ፣ ከሥሩ አንድ አረንጓዴና አንድ ግራጫ ቁልፍ መጣ። እኔም ቀላል ነው አላልኳችሁም ወይ ብዬ ተንፈራጥጬ ተቀመጥኩ።

ሐጂ ጽሑፉን አነበቡት። ዝናሽ ሰማች፤ ግን አልተረጎመችም።

«ሐጂ፣ እንዴው ይድገሙልኝ» አለች።

ደገሙላት። እህቴ ከማጀት ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ዝናሽ እጇን ዘረጋችና ግራጫውን ነካችው።

ዘልዬ ተነሣሁ። ተሳስታለች፤ አረንጓዴው ነው፣ አሁንም ይስተካከላል፣ አጥፍቼ ላብራው እያልኩ ስልኩን ልነጥቅ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«አልተሳሳትሁም አጎቴ። ወደ ሥራሽ መመለስ ትፈልጊያለሽ ወይ ነው ያለኝ። አልፈልግም አልሁት።»

እህቴ በቀስታ፣ ስለምን ለኔ አልነገርሽኝም አለቻት።

«አንቺ መች ጠየቅሽኝ፣ እማ? የጠየቀኝ እሱ ነው።»

ቁጣ የለበትም አነጋገሯ፤ የቆጠቆጠኝም ለዚህ ነው። ስንት አገር ዞሬ፣ የሰው ክምር ንጄ፣ ሐጂን ከሱቃቸው አስነሥቼ ያንን በር ሳንኳኳ፣ መግባት ትፈልጊያለሽ ወይ ብዬ ልጅቱን አልጠየቅኳትም። ሁላችንም ቅዳሜን እንጂ እሷን አላየናትም። አፈርኩ።

እህቴ መሬት ላይ ዝርፍጥ አለች። አለቀሰች፤ ከለቅሶው መሃል ደግሞ ሳቅ አመለጣት።

«እኔኮ አጥብቀሽ የምትፈልጊው መስሎኝ ነው ይሄን ሰው የጠራሁት» አለች እኔን እያሳየቻት። «እሱ ሊከፍት ሲታገል፣ እኔ ማጀት ገብቼ እንዳይከፈት ለማርያም ጥላ ተሳልሁ።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። እኔ ክምር ጫፍ ላይ ቆሜ ኔትወርክን ስማጸን፣ የገዛ እህቴ ከታች ሆና ታቦት ስታሰልፍብኝ ነበር። ለካ ያ ሁሉ ተመስገን ከልቧ ኖሯል። ልቆጣ አፌን ከፍቼ እናትና ልጅ አንገት ለአንገት ተቃቅፈው አየሁና ተውኩት። ደስ አለኝ፤ ዓይኔም እንባ አቀረረ። ገለባው ነው አልኩ።

አያ ይግዛው፣ ስልኩ ተከፍቶ ልጅቱ ከቀረች ስለቱ ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ክርክር ሊያነሡ ሲሉ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስልኩ አሁንም እጃቸው ላይ ነው። አንድ ነገር ይቀረዋል አሉና አነበቡ። ዝናሽ እንባዋን እየጠረገች እርግጠኛ ነሽ ወይ ይለኛል አለች። ጣቷን ልትዘረጋ ስትል እናቷ እጇን ያዘቻት።

እህቴ ቁልፍ ካላት አሮጌ ስልኳ በቀር ሌላ ነክታ አታውቅም። ጣቷን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ ሐጂ ቀረበች።

«የቱ ነው አዎን የሚለው?» አለቻቸው።

ሐጂ አሳዩዋት። ጣቷ እስኪነጣ ድረስ አጥብቃ ተጫነችው፤ ተቀብያለሁ እስኪልም አላነሣችውም።